ጠመኔው ሳይራገፍ

የወንድሜ ልጅ ሊዲያ ዘንድሮ ለክረምት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ የሚያጣብቅ ፕላስቲክ ይዛ መጣች። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ላለችው ጁስ ቤቴ ስጦታ መሆኑ ነው። ስስ ነው፤ መሐሉ በአበባ፣ በቅጠልና በብርጭቆ ቅርጽ ተበሳስቷል። በር ላይ የማቆመው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው፣ እንደ ቅባት የለሰለሰ ነጭ ጠመኔ ቀባችበት፣ ቀስ አድርጋ ላጠችው፤ አበባው ቁጭ አለ። ፕላስቲኩን አጥባ ጥላ ላይ አሰጣችውና በማግስቱ ደግሞ ሌላኛው ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ «አክስቴ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። አይቼ ማወቅ ብቻ! እኔ እኮ ገና ጡቴ ሳያጎጠጉጥ በዚህ ነገር መርሳን አፏን ያስከፈትኩ ሰው ነኝ። የራስን ሥራ ማሳነስ አልወድም፤ ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬም አልደብቀውም። ሊዲያ የያዘችው ፕላስቲክ የኛ ወረቀት የልጅ ልጅ ነው፤ ይህንን እንድታውቀው ብዬ አጠገቤ አስቀምጫት የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እትዬ ጌጤ ይሏታል፤ ከግራና ከተማ እስከ ሐራ የሠርግ ቀሚስ ያሰፋ ሰው ሁሉ በራችንን ያውቀዋል። ቤታችን የስፌት መኪና ዘይትና ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ የማንጎ ወቅት ሲሆን ደግሞ ደንበኞች በዘንቢል የሚያመጡልን ማንጎ ጥግ ላይ ሲበስል ያ ሁሉ ሽታ ይደባለቃል። ዛሬም የአዲስ አቡጀዲ ጥቅልል ሲፈታ ምራቄ ይመጣል፤ ማንጎ እየጠበቅኩ ይመስለኛል።

ጥልፍ ከመጠለፉ በፊት ንድፉ ጨርቁ ላይ መቀመጥ አለበት። እናቴ ለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ንድፉን አንዴ ታወጣና መስመሩን ተከትላ በመርፌ ጥቅጥቅ አድርጋ ትወጋዋለች። ወረቀቱ ወንፊት ይሆናል። ጠመኔ ወቅጣ በአሮጌ ካልሲ ትቋጥራለች፤ ለጥቁር ጨርቅ ነጭ ጠመኔ፣ ለነጭ ጨርቅ ሰማያዊ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግታ በቋጠሮው መታ መታ ታደርገዋለች። ወረቀቱ ሲነሳ፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ የሆነ ሐረግ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ያው ወረቀት ተራግፎ ለሚቀጥለው ቀሚስ፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ይሠራል። መስቀል ያለበት ለክርስቲያን ሙሽራ፣ ጨረቃና ቅጠል ያለበት ለሙስሊም ሙሽራ ነበር። አንድ ሐረግ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ እናቴ ራሷ ያወጣችው ነው፤ «ዞሮ ገጠም» ትለዋለች። ቅጠሉ ቅጠል እየወለደ የቀሚሱን አንገት ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል።

እናቴ በአንድ ነገር ቀልድ አታውቅም። ጥልፉ አልቆ ጠመኔው ሳይራገፍ ሥራ ከቤታችን አይወጣም። በር ላይ ወጥታ ለፀሐይ ትዘረጋዋለች፣ በእጇ ጀርባ ትመታዋለች፣ እፍ ትላለች፣ ካልሆነላት የነጠላዋን ጫፍ በምራቅ ነካ አድርጋ ትጠርገዋለች። አንድ ጊዜ የሙሽራ አክስት ቀሚሷን ተቀብላ ወልድያ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከገባች በኋላ፣ እጅጌው ላይ አንድ ነጠብጣብ መቅረቱ እናቴን ትዝ አላት። መቀሷን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ሮጣ አውቶቡሱን አስቆመች፣ በመስኮት ቀሚሱን ተቀበለች፣ ጠርጋ መለሰችው። ሹፌሩ ሂሳብ የቀረ መስሎት ነበር። «ጠመኔ የታየበት ሥራ ራቁቱን የወጣ ሰው ነው» ትል ነበር እናቴ። ይህን ነገር ያዙልኝ።

የዘመኔ ሰዎች ሰሌዳችንን ታስታውሱታላችሁ። ግድግዳው ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ሲነጣብን ከሰልና የባትሪ ድንጋይ ወቅጠን በቅጠል እያሸን እናጠቁረዋለን። ቀኑን ሙሉ እጃችን ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ ነጭ። ማታ ተረኛው ሰሌዳውን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። መምህሩ ለነገ የሚፈልገው ነገር ካለ ብቻ ጥግ ላይ «አይጥፋ» ብሎ ጽፎ ይከብበዋል። ያቺን ቃል አይቶ ያጠፋ ተማሪ በማግስቱ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ከአገር መሪ ትእዛዝ ይልቅ ያቺን ክብ እንፈራ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የወላጆች በዓል ሲደርስ፣ የክፍላችን ኃላፊ መምህር አስፋው ሰሌዳውን የሚያስጌጥ ሰው ፈለገ። ሌሎቹ ክፍሎች በእጃቸው የሚስሉ ልጆች ነበሯቸው፤ አበባ ይስላሉ፣ ችቦ ይስላሉ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው እየተጣመመ ይጽፋሉ። እኔ እጄን አወጣሁ። ሥዕል እንደማልችል መላው ክፍል ያውቃል፤ ዶሮ ስስል ጫማ የሚመስልብኝ ልጅ ነበርኩ። ጎረቤቴና የወንበር ጓደኛዬ ዘይነባ በክርኗ ጎሰመችኝ፣ «አንቺ፣ ወላሂ ታዋርጂናለሽ!» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን ያሰብኩትን አስቤያለሁ። ጥቁር ጨርቅ ላይ የሚያርፍ ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለምን አያርፍም?

ነገሩ ግን ሰሌዳ ማስጌጥ ብቻ አልነበረም። እናቴ አንድም ቀን የትምህርት ቤታችንን በር አልፋ አታውቅም። አባቴ ሹፌር ስለነበር ኑሮው መንገድ ላይ ነው፤ ወላጅ በተጠራ ቁጥር የሚመጣው አጎቴ ነበር። እናቴን ለምኛት አውቃለሁ። «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው፣ መምህራን መሐል ገብቼ ምን ልመስል? አንቺኑ ላሳፍርሽ?» ትለኛለች። ይህ ነገር ይቆጨኝ ነበር። ሙሽራ ሁሉ በእጇ የሚያምርላት ሴት፣ የእኔን ክፍል በር እንደ ዳኛ በር ትፈራዋለች። ስለዚህ የዚያን ዓመት የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ክፍሌ ገብታ የራሷን ሐረግ ግድግዳ ሙሉ ሆኖ እንድታየውና «ይሄ የኔ ነው» እንድትል። እሷ እስክታየው ድረስ ደግሞ ምንም እንዳታውቅ ወሰንኩ።

የዞሮ ገጠምን ወረቀት ወስጄ በሌላ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ አሳድጌ አወጣሁት፤ ቅጠሉ የእጅ መዳፍ አከለ። በመርፌ ስወጋው ጣቴም አብሮ ተወጋ። ከትምህርት በኋላ ዘይነባ ወንበር ላይ ወጥታ ወረቀቱን ትይዛለች፣ እኔ በካልሲው መታ መታ አደርጋለሁ። ጠመኔው አፍንጫችን ገባ፣ ዓይናችን ገባ፤ የዘይነባ ቅንድብ ሳይቀር ሸበተ፤ በእህቷ ሠርግ የተቀባችው ሂና ራሱ ከእጇ ላይ ጠፋ። እያስነጠስን እንስቃለን። ነጠብጣቦቹን በባለ ቀለም ጠመኔ አገናኘናቸው። አራተኛው ማዕዘን ላይ ስንደርስ ግን ጉዱ ፈላ፤ ግማሽ ቅጠል ተረፈን። ዞሮ ገጠም ዞረ እንጂ አልገጠመም።

ቤት ሄጄ እንደ ዘበት ጠየቅኳት፤ «እማ፣ መጋረጃ የሚያህል ነገር ዙሪያውን ብትጠልፊ እንዴት ነው የሚገጥምልሽ?»

«መጋረጃ ማን አዘዘሽ?» አለችና ቀና ሳትል መኪናዋን እየረገጠች ቀጠለች። «ከየማዕዘኑ ጀምረሽ ወደ መሐል ነዪ። መሐል ላይ አልገናኝ ካለሽ አበባ ጣይበትና ዝም በይ። አበባ የማይሸፍነው ነገር የለም።»

በማግስቱ አጥፍተን እንደ ገና ጀመርነው፤ ገጠመም። የላይኛው መሐል ላይ አንድ ትልቅ አበባ ጣልንበት። መምህር አስፋው መጥቶ ከዳር እስከ ዳር አየው፣ ከዚያ ከታች ጥግ ላይ በዚያች በሚያምር እጁ «አይጥፋ» ብሎ ጻፈና ከበበው። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ጠቦኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየተነሳ ቢሰግድልኝ አይገርመኝም።

እናቴ በመከራ እሺ ብላኛለች። «ከኋላ ቆሜ አይቼ እሄዳለሁ፤ ተነሽ ተቀመጭ የሚለኝ ሰው አልፈልግም» ነበር ውላችን። በበዓሉ ቀን ጠዋት ስነቃ ግን የለችም። ለገበያ ሰው ቀሚስ ልታደርስ ወጥታ ይሆናል ብዬ ልብሴን ለባብሼ፣ ፀጉሬን ዘይነባ ሠርታኝ፣ ሁለታችን ተያይዘን ሄድን። ዘበኛው አባ እንድሪስ በሩን እየከፈቱልን «እናትሽ ቀድመውሻል፤ ሰው ሳይበዛ የልጄን ክፍል ልየው ብለው ገብተዋል። ማሻ አላህ፣ ምን ያሉ ትጉህ ሴት ናቸው!» አሉኝ።

ሮጬ ገባሁ።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ በውኃ አርሳ ሰሌዳውን እየጠረገች ነው። ያ ሁሉ ሐረግ የለም። አበባው የለም። የቀረው የመጨረሻው ጥግ ነበር፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁ «አይጥፋ» የሚለውን ከነክቡ በአንድ እጇ ጠረገችው።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

ዞር ብላ አየችኝ፤ ጭራሽ የተቆጣችው እሷ ናት። «አንቺ ዝርክርክ! ይሄን ነው ያስተማርኩሽ? ሐረጌን ከነነፍሱ አወረድሽው፣ እጅሽ ይባረክ፣ አየሁት፤ ግን ጠመኔውን ሳታራግፊ እንግዳ ትጠሪያለሽ? ሰው ምን ይለኛል? የጌጤ ልጅ ሥራዋን ከነጠመኔው ሰጠች ይበሉሽ?»

አሁን ገባችሁ? ለእናቴ ጠመኔ ማለት መንገድ ነው፤ ሥራው ክሩ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ጠመኔ ላይ የሚያበቃ ሥራ አይታ አታውቅም። ሐረጓን አውቃዋለች፣ ወዳዋለች፤ ከወደደችው በኋላ ነው ያጠፋችው፤ እንዳላፍር ብላ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ዘይነባ ከኋላዬ «ያረቢ፣ አለቀልን!» ብላ ጭንቅላቷን ይዛ ቁጢጥ አለች። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ዘይነባን አየች። ከዚያ የሌላኛውን ክፍል ሰሌዳ በመስኮት በኩል አየችው፤ አበባውም ችቦውም ከነጠመኔው ቆሟል። የዚያን ጊዜ ገባት። ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ ዛሬም አልረሳውም። ከወንበሩ ወረደች፣ ጫማዋን በእጇ ያዘች፣ በዝግታ «ነግሬሽ ነበር እኮ። እኔ እዚህ ቤት ምን አውቃለሁ? አጎትሽን ልላክልሽ» አለች። በኋላ በር በኩል ልትወጣ ነው።

ያን ጊዜ የፈራሁት ለሰሌዳው አልነበረም። ያን ቀን ከዚያ ክፍል ከወጣች ዳግመኛ እንደማትገባበት አውቄዋለሁ። ነጠላዋን ጨምድጄ ያዝኩ። «የትም አትሄጂ! ከተሳሳትሽ ምን ታደርጊያለሽ? ትተረትሪና መልሰሽ ትሰፊያለሽ። ይኸው ተረተርሽው፣ በይ ስፊው!» አልኳት። ቦርሳዬን ገልብጬ ወረቀቱንና ቋጠሮውን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። እንዲህ ብዬ እናቴን ተናግሬያት አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን እኮራበታለሁ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «ይሄን አንቺ ነሽ የወጋሽው?» አለች። «ቀዳዳው ተራራቀ። ግድ የለም፣ ያደርሰናል።» ጫማዋን መልሳ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ ወጣች።

እኔና ዘይነባ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የፈጀንበትን ሥራ እናቴ ስትሠራው ማየት ነበረባችሁ። ወረቀቱን በክንዷ ደግፋ በሌላ እጇ መታ መታ ስታደርገው እንደ ከበሮ ልክ ነበረው። ዘይነባ ቀይ ጠመኔ፣ እኔ ቢጫ ይዘን ከኋላዋ ነጠብጣቡን እያገናኘን ተከተልን። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቅጠሉ ራሱ ከቅጠሉ ገጠመ፤ አበባም አላስፈለገው። ውጭ እልልታና ጭብጨባ ተጀምሯል፤ መምህራኑ ወላጆችን ከክፍል ወደ ክፍል እያዞሩ ነው። ልንጨርስ አንድ ጎን ሲቀረን በሩ ተከፈተ።

ወላጆች እየተጋፉ ገቡ። እናቴ ልትወርድ አልቻለችም፤ ወረቀቱን ከለቀቀችው ጠመኔው ሊዘበራረቅ ነው። ጀርባዋን እንደሰጠች ቀጠለች። ሌሎቹ ክፍሎች ያለቀ ሥዕል ነው ያሳዩአቸው፤ እኛ ጋ ግን ወረቀቱ በተነሳ ቁጥር አዲስ ሐረግ ሲወለድ ያያሉ፤ በተነሳ ቁጥር «እሰይ!» ይላሉ። ከግራና አካባቢ የመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ለመምህር አስፋው ጠጋ ብለው፣ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ «አዲሷ መምህርት እሳቸው ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

የእናቴ እጅ ቋጠሮውን እንደያዘ አየር ላይ ቆመ። መምህር አስፋው መልስ ከመስጠቱ በፊት እሷው ዞረች። ጠመኔ እስከ ክርኗ ደርሷል፤ ነጠላዋ ሌላ ቀን ቢሆን ለሰው የማታሳየው ዓይነት ሆኗል። «መምህርትስ አይደለሁም አባቴ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች። «ሐረጉ ግን የኔ ነው። ክፍሉም የልጄ ነው።»

ሽማግሌው «ቢሆንስ፤ እጅዎ ይባረክ» አሉና አጨበጨቡ። ሌላው ሰው ሁሉ ተከተላቸው። እኔ ያን ጭብጨባ ለራሴ ነው የወሰድኩት፤ ድርሻዬም ነበር።

ሰው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲሄድ መምህር አስፋው ጠመኔ አንስቶ ጥግ ላይ ያቺን ቃል እንደ ገና ጻፋት። እናቴ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። «አይጥፋ ነው የሚለው» አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጠዋትም ነበር?» አለች። «ነበር» አልኳት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን ወላጅ ሲጠራ የምትመጣው እሷ እንጂ አጎቴ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለሊዲያ ስነግራት እናቴ ጁስ ቤቱ በር ላይ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌ ከተወች ቆይታለች። ዛሬ ልጆቹ የሚይዙት ፕላስቲክ ከኛ ወረቀት ይሻላል፤ አልክድም። ጥርት ያለ ነው፣ አያስነጥስም፣ የማንንም ቅንድብ አያሸብትም። የኛ ሐረግ ግን የማን እጅ እንዳወጣው እናውቅ ነበር፤ የዚህ አበባ ባለቤት ማን እንደሆነ ሊዲያም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሊዲያ እንኳ ወሬውን ከሰማች ወዲህ ዞሮ ገጠምን በፕላስቲክ ቆርጣ ልታወጣው ተነሥታለች።

እናቴ ያን ቀን ወሬው ሲያልቅ «ያን ሣጥኔን አምጪልኝ» አለችኝ። የድሮ ንድፎቿን የምታኖርበት ሣጥን ነው። በእጇ ዳብሳ ከታች አንዲት መዳፍ የምታህል የሲሚንቶ ወረቀት አወጣች። ይህቺን አይቻት አላውቅም። ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፣ ከማንጎ፣ ከፓፓያና ከስፕሪስ ዝርዝር በታች ባለው ባዶ ጥግ ላይ ዘረጋቻት፣ የሊዲያን ጠመኔ በጣቷ ፈጭታ በመሐረቧ መታ መታ አደረገችው። ወረቀቷ ስትነሳ፣ በነጠብጣብ የተሠራች፣ የመምህር አስፋው እጅ ጽሑፍ ቁርጥ የሆነች ቃል ከነክቧ ብቅ አለች። አይጥፋ።

«ያን ቀን ሰው ሲበተን ወረቀት ለጥፌ ገለበጥኳት» አለች እናቴ። «ጠመኔው ተገልብጦ ያዘ፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱን አዙሬ ወጋኋት። የጻፍኳት ቃል ይቺ ብቻ ናት።» ወረቀቷን ወደ ሣጥኑ መለሰቻትና፣ «ያኔ ማንበብ ብችል ኖሮ አላጠፋውም ነበር» አለች።

እኔ ደግሞ ይህንን ለዓመታት አስቤበታለሁና መልሱ አፌ ላይ ነበር። «እንኳንም አላነበብሽ፣ እማ» አልኳት። «ብታነቢ ኖሮ እንደ ውላችን ከኋላ ቆመሽ አይተሽ ትሄጂ ነበር።»

ሲመሽ ሊዲያ እንደ ልማዷ ባልዲና እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች። የዕለቱን ዋጋ ጠረገች፣ የፕላስቲኩን አበባ ጠረገች፣ ጥጉ ላይ ስትደርስ እጇን መለሰች።